በእትዬ ዘነበች ሳሎን የጣድኩት ድስት

ቀኝ እጄን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ዘይት ነው?" ብሎ ነው። ወጥ ቤት የሠራ ሰው ዘይት ያቃጥለዋል። ስለዚህ "አዎ፣ ዘይት ነው" እያልኩ ብዙ ዓመት አልፌያለሁ። ዘይት ግን አይደለም። እውነቱን በሙሉ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም አምና አረፈች። አሁን ብናገረው የሚጎዳ ሰው የለምና ልንገራችሁ።

ያኔ ማርታ ሲባል አዋሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል ያውቀኛል። ሆቴሉ ከተወረሰ በኋላ ባለቤቱ ሄዶ ሥራ አስኪያጅ ተሾመበት እንጂ ወጥ ቤት ያለነው አልተነካንም። ሽንኩርት ከመላጥ ተነስቼ ዋናው ሼፍ በሌለበት ቀን ወጥ ቤቱን የምመራ ሆኜ ነበር። ሌላው ሰው ደግሞ የሚያውቀኝ በድስት ነው። ከሆቴል ስወጣ ቤት ለቤት እየዞርኩ የወጥ ቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ዕቃውን ከሞያሌ የሚያስመጣ ነጋዴ ያስረክበኛል፤ ሸጬ ድርሻዬን እወስዳለሁ።

አሻሻጤ የራሴ ነበር። ዕቃ ዘርግቼ "ግዙኝ" አልልም፤ ቤታቸው ገብቼ አበስላለሁ። የቤቱ እመቤት ጎረቤቶቿን ትጠራለች፣ እኔ በምሸጠው ድስት ሠርቼ አበላቸዋለሁ፣ በልተው ሲጠግቡ ገበያው ራሱ ይመጣል። በተለይ በእንፋሎት የሚያበስለው ድስት! ክዳኑ በመዞሪያ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል፤ አናቱ ላይ ትንሽ የብረት ክብደት ይደፋበታል። ውስጡ ሲፈላ እንፋሎቱ ያንን ብረት እያነሳ ጆሮ እስኪበጥስ ያፏጫል። ሴቶቹ "የሚያፏጨው ድስት" ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። ላምባ በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት፣ ሴቱ ጀሪካን ይዞ ገና ጎህ ሲቀድ በሚሰለፍበት ዘመን፣ የበሬ ቅልጥም በትንሽ ላምባ የሚያበስል ድስት እንደ ተአምር ይታይ ነበር።

ዘመኑ ቀይ ሽብር ነበር። ጠዋት የወጣ ሰው ማታ ካልተመለሰ "የት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅም ያስጠረጥራል። እኛ ጴንጤዎቹ የምንጸልይበት ቤት ታሽጎ ነበር። አራት አምስት ሰው አንድ ቤት ከተሰበሰበ አብዮት ጥበቃ መጥቶ "ምን ስብሰባ ነው?" ይላል። የእኔን የድስት ስብሰባ ግን ቀበሌው ያውቀዋል፤ ከሊቃነ መናብርቱ ሚስቶች መካከልም የሸጥኩላቸው ነበሩ። በዚያ ከተማ ያለ ፍርሃት ሴቶችን አንድ ላይ መጥራት የምችል ሰው ምናልባት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ያኔ አላሰብኩትም ነበር። እትዬ ዘነበች ግን አስበውበታል።

እትዬ ዘነበች ታቦር ተራራ ሥር የሚኖሩ የመምህር ሚስት ናቸው። ከሰሜን ሸዋ ነው የመጡት፤ ቁጥብ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው መምህር ኃይሉ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን ጠፉ። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ቀበሌ ሄደው "ሌላ ሴት ይዞ ጥሎኝ ሄደ" ብለው አመለከቱ። ከተማው ግማሹ አዘነላቸው፣ ግማሹ ሳቀባቸው። ቀበሌው ግን አላመናቸውም፤ መምህር ኃይሉ የሚፈለጉ ሰው ነበሩ።

አንድ ጠዋት ላምባ ሰልፍ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና፣

"ማርታ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ነይ። ጎረቤቶቼን እጠራለሁ" አሉኝ።

ደስ አለኝ። "ጥሩ መጥበሻ መጥቶልኛል፣ እሱን ይዤ..."

"መጥበሻ አልፈልግም። የሚያፏጨውን አምጪ።"

"እሱ እኮ ለአንድ ሰው ይተልቃል፣ እትዬ።" ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ፤ ብቸኝነታቸውን ማንሳቴ ነበርና።

እሳቸው ግን አልተቀየሙም። "አንቺ ብቻ አምጪው" አሉ። "ሥጋው ደግሞ ጠንካራ ይሁን። ቶሎ የማይበስል።"

ድስት ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚበስል ይላል እንጂ ቶሎ የማይበስል አይልም። ገረመኝ። የድስቱን ጉልበት ሊፈትኑ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ዕለት ድስቱን፣ የላምባ ምድጃውን፣ ቅልጥሙን ጋሪ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ሦስት ጎረቤቶች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ከእነሱ አንዷ፣ አስካለ የምትባለው፣ ገና ከመግባቴ "ሆቴል የሚበላውን ዛሬ ድሃ ሊበላው ነው!" ብላ አሳቀችን። ዕቃዬን ወደ ማድ ቤት ልወስድ ስል እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆሙ።

"እዚሁ ሳሎን አድርጊው።"

"ላምባው ይሸታል፣ እትዬ። መጋረጃዎን ያበላሽብዎታል።"

"ይሽተት" አሉ።

ምድጃውን ሳሎኑ መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ በኖራ የተቀባ አቡጀዲ። ሥጋውን፣ ቀይ ሽንኩርቱን፣ ውኃውን ጨምሬ ክዳኑን አሰርኩና ክብደቱን ደፋሁበት። እንደ ሁልጊዜው ማብራራት ጀመርኩ፤ ጎማው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ውኃው ለምን ማለቅ እንደሌለበት፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ ለምን ክዳኑ እንደማይነካ። "ሳይበርድ የከፈተ ሰው ፊቱን ያጣል" እላቸዋለሁ። ይህን ስናገር ሁሌም ሴቶቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ፤ ያን ቀንም ሳቡ።

ድስቱ ማፏጨት ጀመረ። አስካለ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። ፉጨቱ መሃል ላይ አንድ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ የታፈነ፣ ደረቅ። ውጭ ነው አልኩ። ሁለተኛ ሲደገም ግን ከኮርኒሱ ላይ ትንሽ የኖራ ብናኝ ወርዶ ከድስቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ቀና ልል ስል እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም የለም፤ ዓይናቸው ግን ይለምነኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ልመና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ወዲያው ሁሉም ነገር ገባኝ። መምህር ኃይሉ የትም አልሄዱም። ከአናታችን በላይ ሳንቃ ላይ ተኝተው ያስላሉ። ፉጨቱ የተፈለገው ለዚያ ሳል ነው። ጎረቤቶቹም እኔም እዚያ የተጠራነው ቤቱ የሚደብቀው ነገር እንደሌለው እንዲመስል ነው።

ተናደድኩ? አዎ። ሳይነግሩኝ! ብያለሁ በልቤ። ግን ለመናደድ ጊዜ አልነበረኝም፤ በሩ ተንኳኳ።

አሰሳ ነበር፤ እትዬ ዘነበች ቀኑን ቀድመው ሰምተው ኖሯል። ሠፈሩን ከታች ጀምረው ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። የገባው የአብዮት ጥበቃው መሪ ጓድ ንጉሤ ነው፤ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ከኋላው አሉ። ንጉሤን አውቀዋለሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ሆቴል ይበላል። ረዥም፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው። የማይጮኽ ሰው ስለሆነ ይበልጥ ይፈራል።

"ምን ስብሰባ ነው?" አለ።

"የድስት ነው፣ ጓድ" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ድስቱን አየና ፈገግ አለ። "ይህ ነው እንዴ ባለቤቴ ሌት ተቀን የምታወራልኝ? እርጉዝ ሆና ላምባ ሰልፍ ላይ እየዋለች ጨረሰችኝ።"

ሁለቱ ጠመንጃ ያዦች መኝታ ቤቱን ገለበጡ፣ ማድ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ የዶሮ ቤቱን ሳይቀር አዩ። ምንም አላገኙም። ንጉሤ "ወደሚቀጥለው ቤት ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" ብሎ ላካቸው። እፎይ ልንል ስንል ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

"ቀምሼ ልሂድ" አለ። "ለባለቤቴ መመስከር አለብኝ።"

እንግዲህ ያ ጊዜ ምን ያህል እንደቆየ አልነግራችሁም፤ አላውቀውምና። ፉጨቱ ዝግ ሲል ላምባውን ከፍ አደርጋለሁ፤ ክብደቱ ይደንሳል። ከላይ ሳሉ ይመጣል፤ እኔ ድስቱን በማማሰያ እመታለሁ፣ ወይም ለአስካለ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። በሕይወታቸው አስቀውን የማያውቁት እትዬ ዘነበች ቀልድ እያወሩ ይስቁ ነበር። ንጉሤ ስለ ሚስቱ እርግዝና አጫወተን፤ የመጀመሪያ ልጃቸው መሆኑን፣ ሴት ብትሆን ደስ እንደሚለው። ሰው ነበር። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሰው ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው ግን ሁላችንም እናውቃለን።

"አልበሰለም እንዴ?" አለ በመጨረሻ። "ቶሎ ያበስላል ብለሽ አይደል ለባለቤቴ የነገርሻት?"

"ያረጀ በሬ ነው፣ ጓድ።"

"ቅልጥም እኮ ነው" አሉ እትዬ ዘነበች ተሽቀዳድመው። "ገና ነው፣ አይደል ማርታ?"

"ገና ነው" አልኩ። ሥጋው ከበሰለ ቆይቷል። ሽታውም እየተለወጠ ነበር። ፉጨቱ ቀጥኗል፤ ውኃው እያለቀ መሆኑን ጆሮዬ ነግሮኛል። ከዚያ በላይ ባቆየው ድስቱ ይፈነዳል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለነውን ሁሉ ይፈጃል። አስካለ ልጆች አሏት። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ምድጃውን አጠፋሁ።

ፉጨቱ እየሰለለ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ቤቱ ጭር አለ። እንፋሎቱ ውስጥ እንደታመቀ ነው፤ እስኪበርድ መጠበቅ አለብን።

"አሁንማ ክፈችው" አለ ንጉሤ።

"ትንሽ ይብረድ" አልኩ።

ያኔ ሳሉ መጣ። አፍ ላይ የታፈነ፣ ግን የማይቆም ሳል። አቡጀዲው ተንቀጠቀጠ።

ንጉሤ ቀና አለ። "ምንድን ነው?"

"አይጥ ነው" አሉ እትዬ ዘነበች። "ኮርኒሱን ጨረሰው።"

ንጉሤ አልመለሰም። ቀስ ብሎ ተነሳ። ጥግ የቆመውን መጥረጊያ ወሰደና እጀታውን ወደ ላይ አዞረ። የአስካለ ፊት አመድ መሰለ፤ እሷም ገብቷታል። እትዬ ዘነበች ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም። የመጥረጊያው እጀታ አቡጀዲውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

አሰብኩበት ብላችሁ ዋሸሁ። እጄ ቀደመኝ። የክዳኑን መዞሪያ ይዤ ፈታሁት።

ድምፁን ብቻ ነው የማስታውሰው። ከዚያ ነጭ ሆነ። ክዳኑ ክንዴን መትቶ ወደቀ፤ እንፋሎቱና የፈላው መረቅ ከእጄ እስከ አንገቴ ወረደብኝ። የጮኽኩትን ጩኸት ታቦር ላይ የነበረ ሰው ሰምቷል ይባላል። አስካለም ጮኸች፣ ሌሎቹም ጮኹ። የሳል ድምፅ ቢኖርም የሚሰማው ሰው አልነበረም።

መጥረጊያው ከንጉሤ እጅ ወድቆ ነበር። አንስቶ አቀፈኝ፤ "መኪና! መኪና!" እያለ ተሸክሞኝ ወደ መንገድ ሮጠ። የቀበሌው ላንድሮቨር መጣ። እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው ነበር። ዞሮ ጮኸባቸው።

"አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰው ቤትሽ ተቃጥሎ! ግቢ!"

ቤታቸውን ቆልፈው መጡ። ቁልፉ ቀዳዳው አልገባ እያላቸው ሲታገሉ ከመኪናው ውስጥ አየኋቸው። ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። ጤና ጣቢያው ድረስ ግራ እጄን ይዘው "አይዞሽ፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር፤ አእምሯቸው የት እንደነበር እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ሐኪሙ እስኪጨርስ፣ ንጉሤ ወረቀት እስኪያስሞላቸው እዚያው መሸባቸው።

በማግስቱ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን መጡ። እጄ እስከ ትከሻዬ በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ጎንበስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"ኃይሉ አረፈ፣ ማርታ" አሉኝ።

ደህናውን እጄን ዘረጋሁላቸው።

"ሳንባው ከታመመ ቆይቷል። ቤት ስመለስ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ነጠላዬን አፉ ውስጥ ጎስጉሶት ነበር። እንዳይሰማ ብሎ።" ወደ በሩ አየት አደረጉ። "ወንድሜ መጥቶ ጓሮ ቆፈርን። ጎረቤት ሲጠይቀን እንሰት ልንተክል ነው አልን። ተከልንበትም።"

"እትዬ..."

"ሳላለቅስ ነው የቀበርኩት። ሰው ይሰማል ብዬ። ጥሎኝ ለሄደ ባል ማን ያለቅሳል?"

ይህን እንዳሉ የታሰረውን እጄን አዩት። ፊታቸው ፈረሰ። እጄ ላይ፣ ፋሻው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው አለቀሱ። በለቅሶ ቤት ብቻ የሚሰማ፣ ከሆድ የሚወጣ ለቅሶ ነበር። "ጋሻዬ! መከታዬ! ሳልደርስ!" ይላሉ። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ሮጦ መጣ። የጎን አልጋዋ በሽተኛ ተነስታ ተቀመጠች። "አይዞዎት እማማ፣ እጇ ነው፣ ይድናል!" ይሏቸዋል። ለእጄ የሚያለቅሱ መስሏቸው ሁሉም እኔን ያዩኛል፤ ይህን ያህል የምወደድ ሰው መሆኔን ያደንቃሉ።

በዚህ መሃል ጓድ ንጉሤ ብርቱካን ይዞ ገባ። ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው። እትዬ ዘነበችን እንዲህ ሆነው ሲያይ ደነገጠ። ብርቱካኑን አስቀምጦ ትከሻቸውን ያዘና፣

"በቃ፣ በቃ እናቴ" አላቸው፤ ያን ቀን "አንቱ" አላቸው። "እጇ ነው እንጂ ነፍሷ አልተነካችም። ይህን ያህል አያልቅሱ።"

እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩት። "እሺ" አሉት። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ደግሞ፣ እሱ እያየ፣ እንደገና አለቀሱ።

እጄ ዳነ ማለት ይቻላል፤ ሦስቱ ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ቢላዋ የማይዝ ወጥ ሠሪ ማን ያቆየዋል? ሆቴሉ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዛወረኝ። ድስቶቹን ለነጋዴው መለስኩ። ዛሬም ወጥ ቤት ውስጥ እንፋሎት ሲያፏጭ እወጣለሁ፤ ሰዎች ይስቃሉ። ለንጉሤ ሴት ልጅ ተወለደችለት ሲሉ ሰማሁ። እሱ ጥቂት ቆይቶ ወደ ጦር ግንባር ተላከ፤ ተመለሰም አልተመለሰም አላውቅም።

እትዬ ዘነበች ባሏ ጥሏት እንደሄደ ሴት ሆነው ዓመታት ኖሩ። ሽማግሌ ልኮ የጠየቃቸውም ነበር፤ "ባል አለኝ" ብለው መለሱ። ሴቶች ከኋላቸው "አሁንም ትጠብቀዋለች፣ ሞኝ" ይሏቸዋል። እኔና አስካለ እየሰማን ዝም እንል ነበር። አስካለ ያን ቀን ያየችውን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ የመምህር ኃይሉን መቀበር ግን እሷም አታውቅም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን አስተማረሽ ብትሉኝ ጀግንነት አልላችሁም። እኔ ያደረግኩት መምህር ኃይሉን አላዳነም። ምናልባት ክዳኑን ስከፍት ነጠላው አፋቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ምናልባት ሁላችንም ያን ሁሉ የሆንነው ለሞተ ሰው ነው። ብዙ ሌሊት ይህን አስቤ ተገላብጫለሁ። የተረፈኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ዘነበች የሚያለቅሱበት ቦታ አገኙ። በዚያ ዘመን ስንቱ ሰው ያን እንኳ አላገኘም! ስለዚህ አንድ ሰው ለትንሽ ነገር ከልክ በላይ ሲያለቅስ ብታዩ "ለዚህ?" ብላችሁ አትገሥጹት። ተቀመጡና ይጨርስ።

ደርግ ሲወድቅ እንሰቱ ተነቀለ። አፅሙ ወጥቶ፣ በወጉ ተገንዞ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ድንኳን ተተከለ፤ ምግቡን እኔ ነኝ ያሠራሁት። ከተማው ነቅሎ መጣ። ሲያሙ የኖሩ ሴቶች እትዬ ዘነበች እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ። አልቃሾች መምህር ኃይሉን እያነሱ ሕዝቡን አስለቀሱት። እትዬ ዘነበች ግን ጥቁር ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸው ደርቆ ተቀመጡ።

ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት እንግዳ ሴት ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣

"ምነው እሷ አንድ እንባ እንኳ አልወጣትም? ምን ዓይነት ልብ ነው?" አለችኝ።

"አልቅሰዋል" አልኳት። "ያኔ አጠገባቸው እኔ ነበርኩ።"